ግልጽ ደብዳቤ፦ ፕሪማኪን ከመታደሉ በፊት አንድ ጠብታ ደም ይመርመር

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ወባ ላለባቸው ክልሎች ጤና ቢሮዎች በሙሉ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ቆላ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ፕሪማኪን ነው። የቫይቫክስ ወባ የያዘው ሰው ከክሎሮኪን ጋር ለ14 ቀን የሚወስደው መድኃኒት ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እንዲቀር አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የ14 ቀኑ ክኒን በበሽተኛው እጅ ከመግባቱ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግለት።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ አገራችን ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አሳውቋል። አብዛኛው ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ነው። ነገር ግን ቫይቫክስም ቀላል ድርሻ የለውም። ከአፍሪካ አገሮች ቫይቫክስ በብዛት ከሚገኝባቸው አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ፕሪማኪን የሚወስደው ሕዝብም ብዙ ነው።

ቫይቫክስ ተንኮለኛ ነው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ያጸዳዋል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሰውየው ተነስቶ ሥራው ይሄዳል። ጉበቱ ውስጥ ግን የተኛ ተውሳክ ይቀራል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። እኛ ጋ የሚመጡ ሰዎች «ወባዬ ተነሳብኝ» ይላሉ። ትንኝ ሳትነካቸው፣ ደጋ አገራቸው ገብተው ተቀምጠው ይነሳባቸዋል። ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ሁለት ወር ሠርተው የሚመለሱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚንቀጠቀጡት በዚህ ነው። ይህን የተኛ ተውሳክ የሚገድለው ፕሪማኪንና የእሱ ዘመድ የሆነው ታፈኖኪን ብቻ ናቸው። ሌላ መድኃኒት የለንም።

ችግሩ ያለው መድኃኒቱ ላይ አይደለም። የምንሰጠው ሰው የቱ ዓይነት ደም እንዳለው አለማወቃችን ላይ ነው።

ቀይ የደም ሴል ራሱን የሚከላከልበት ኢንዛይም አለው። ስሙ ጂ6ፒዲ ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ላይ በተፈጥሮ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች አሉ። በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን ይገመታሉ። በአዘቦቱ ቀን ምንም አይሰማቸውም። ሠርተው ይበላሉ፣ ወልደው ያሳድጋሉ፣ አብዛኞቹ ይህ ነገር እንዳለባቸው ሳያውቁ ያረጃሉ። ፕሪማኪን ሲወስዱ ግን ቀይ የደም ሴሎቻቸው ይፈርሳሉ። መፍረስ የሚጀምረው ክኒኑ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ነው። ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ወገብ ያማል፣ ሰውየው ሲነሳ ይዞረዋል። ለአንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ለአንዳንዱ ደም ካልተሰጠው ሕይወቱ ያልፋል።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ጠንካራ፣ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ። ላብራቶሪው ቫይቫክስ አለ። ክሎሮኪኑንና የ14 ቀኑን ፕሪማኪን በመስኮቱ አቀበልኩት። «ምግብ በልተህ ውሰደው፣ ሽንትህ ከጠቆረ ግን አቁመህ ቶሎ ና» አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። በአራተኛው ቀን ወንድሙ ደግፎ አመጣው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሽንቱን በሃይላንድ ይዞ መጥቷል፤ ቀለሙ ኮካ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

«ዶክተር፣ ወባው ጠናብኝ መሰለኝ። ከዚህች ክኒን ሁለት ሁለት ልውሰድ?»

የደሙ መጠን የሚለካበት ሄሞግሎቢን ከ6 በታች ወርዶ ነበር። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ደም ተሰጥቶት ዳነ። ዕድለኛ ነበር፣ ምክንያቱም መንገዱ ክፍት ነበር፣ መኪናም ተገኘ። ክረምት ቢሆንና ወንዙ ቢሞላ ምን እንደሚሆን ቆላ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ያልኩትን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። የታመመ ሰው መዳኑን እንጂ ክኒኑን አይጠረጥርም። ትኩሳት፣ ድካም፣ ራስ ማዞር ሁሉ የወባ ይመስለዋል። በመስኮት በኩል በግማሽ ደቂቃ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ምርመራን ሊተካ አይችልም። እኔ በምሠራበት ቦታ ግን ያለን እሱ ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ ቢሆን ኖሮ ታገሡ ብባል ይገባኝ ነበር። ግን አይደለም። ፕሪማኪን አንዳንዱን ሰው ለይቶ እንደሚጎዳ የታየው በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ስቴትቪል በሚባል እስር ቤት ውስጥ በእስረኞች ላይ በተደረገ የወባ ምርምር ነው። ምክንያቱ የጂ6ፒዲ እጥረት መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እስረኛ ላይ ሙከራ መሥራት ዛሬ የማንቀበለው ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች በደማቸው የከፈሉበት ዕውቀት ግን እስካሁን የኛ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አልደረሰም።

እጥረቱ ለምን እንደበዛም ይታወቃል። ወባ ለሺህ ዓመታት በኖረበት አገር፣ ይህ የጂን ለውጥ ያለበት ሰው ከከባድ ወባ በመጠኑ ይጠበቃል። ስለዚህ ለውጡ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየበዛ ሄደ። ወባ በጠናበት አካባቢ እጥረቱም ይበዛል ማለት ነው። ፕሪማኪን በብዛት የምናድለውም እዚያው ነው። እኛም አገር ጋምቤላ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እጥረቱ ከደጋው ይልቅ እዚያ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ግን አደራ የምለው አለ። ይህን የሰማ ባለሙያ «ከዚያኛው ብሔር ከሆነ አትስጠው፣ ከዚህኛው ከሆነ ስጠው» ወደሚል አቋራጭ እንዳይገባ። ስህተትም ነው፣ አደጋም ነው። ሰው ተዋልዷል፣ ተዘዋውሯል። ደጋ ተወልዶ ቆላ የሰፈረ አለ፣ ቆላ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖር አለ። እጥረቱ ጥቂት በሆነበት አካባቢም ቢሆን ያ ጥቂት ሰው መስኮቴ ላይ ይመጣል። ፊቱን አይቼ አላውቀውም። ስሙን ሰምቼ አላውቀውም። ጂን መታወቂያ ላይ አይጻፍም።

በሕዝብ ስም መደምደም እንዴት እንደሚያሳስት የቫይቫክስ የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው ዳፊ በሚባል በር ነው። ጂናቸው ላይ በአንዲት ፊደል ለውጥ የተነሳ ይህ በር ቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች አሉ። በምዕራብ አፍሪካ ሁሉም ለማለት ይቻላል እንዲህ ናቸው፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሚለር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን ባሳዩ ጊዜ ሳይንሱ ያለቀለት መሰለ። ዳፊ የሌለው ሰው በቫይቫክስ አይያዝም ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውም የሌለውም አንድ መንደር ይኖራል። ኋላ ላይ ማዳጋስካርም እኛም አገር ሲመረመር፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኘ። በሽታው ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። «እሱ ቫይቫክስ አይዘውም» ተብሎ ያልተመረመረ ሰው ቢኖር ሳይታከም ይቀር ነበር።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። የጂ6ፒዲ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ እጥረት አለበት ወይ የለበትም። ሴት ሁለት አላት። አንዱ ደህና፣ አንዱ ጉድለት ያለበት ሲሆን ደሟ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ግማሾቹ መድኃኒቱን ይችላሉ፣ ግማሾቹ ይፈርሳሉ። «አለ» ወይም «የለም» ብቻ የሚለው ርካሹ ምርመራ ብዙዎቹን እንዲህ ያሉ ሴቶች ደህና ናችሁ ብሎ ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ መጠኑን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገን። ግዢ ላይ ርካሹ እንዳይመረጥ ከአሁኑ ብናገር ይሻላል።

መሣሪያው ደግሞ አለ። በእጅ የሚያዝ ነው። ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ከፈሳሹ ጋር ይቀላቀላል፣ ቁራጯ መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ይወጣል። ሄሞግሎቢኑንም አብሮ ይለካል፤ ደም ማነስ ለበዛበት አገር ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በሰፊው በሚሠራበት መሣሪያ የኢንዛይሙ ንባብ 4.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እጥረት ነው፣ ከ4.1 እስከ 6.0 መካከለኛ፣ ከ6.1 ጀምሮ ደህና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የጥራት ምዘናውን አልፏል ብሎ አጽድቆታል። ብራዚል ከ2023 ጀምሮ እንዲህ ያለ ምርመራ ከታፈኖኪን ጋር ወደ ሕዝብ ጤና ተቋሞቿ እያስገባች ነው። የአማዞን ጫካ ውስጥ ያለ የወባ ጣቢያ የቻለውን እኛም ብንደራጅ አያቅተንም።

ያለበትን ችግር አልደብቅም። መመርመሪያ ቁራጮቹ የሚቀመጡት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እኛ ጋ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመድኃኒት መጋዘኑ ከዚያ ይበልጣል። ፍሪጅ አለ፣ መብራት ግን ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያው ሲላክ የሶላር ፍሪጁም አብሮ ይታሰብ። እጃችን ላይ ተበላሽቶ «አይሠራም» ተብሎ ጥግ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ብዙ መሣሪያ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

ምርመራው እጥረት አለበት ያለው ሰው ሕክምና ይከለከላል ማለት አይደለም። በየቀኑ ከሚወሰደው ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም፣ ለ8 ሳምንት፣ በቅርብ ክትትል የሚሰጥበት መንገድ አለ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፕሪማኪን ጨርሶ አይሰጣትም፤ ይህ ከምርመራው ጋር አይያያዝም። ለፋልሲፓረም ኮአርተም ከሚባለው የወባ መድኃኒት ጋር የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ አነስተኛ ፕሪማኪንም ይህን ምርመራ አይጠይቅም። ይህን ለይቼ የምጽፈው ደብዳቤዬን ያነበበ ታካሚ ፈርቶ መድኃኒቱን እንዳይጥል ነው። የጀመራችሁ፣ ባለሙያ ሳታማክሩ አታቋርጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ግን አቁማችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጂን ልለፍ፤ ምክንያቱም ያችው ክኒን ላይ ሁለት ጂኖች ይፈርዱባታል። ጂ6ፒዲ መድኃኒቱ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ይወስናል። ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 ደግሞ መድኃኒቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን። ፕሪማኪን እንደተዋጠ አይሠራም፤ መጀመሪያ ይህ የጉበት ኢንዛይም ሊቀይረው ይገባል። ኢንዛይሙ ደካማ የሆነበት ሰው 14ቱንም ቀን በትክክል ወስዶ ወባው ሊነሳበት ይችላል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ወጥቷል። እኛ ግን ወባው የተነሳበትን ሰው «ክኒኑን አቋርጠህ ነው» ብለን እንቆጣዋለን። ብዙዎቹ አቋርጠው ነው፣ እውነት ነው። የተወሰኑት ግን ያላጠፉትን ነው የምንወቅሳቸው።

በዚህ በሁለተኛው ጂን ረገድ ከብዙ አገር ቀድማ የተጠናችው ኢትዮጵያ ናት። ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይህን ጂን በድርብ ወይም ከዚያ በላይ ይዘው ተገኝተዋል። ኢንዛይማቸው እጅግ ፈጣን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመምና የሳል መድኃኒት ሲወስድ ጉበቱ ቶሎ ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ለሕፃን ይህ ትንፋሽ የሚያቆም ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለሕመምም ሆነ ለሳል እንዳይሰጥ ከልክሏል፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣናችንን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ሊባል በሚችል መጠን ፈጣኑ ጂን ባለበት ሕዝብ መካከል፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በጉልህ ይጻፍ። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ እናት የምታነበው እሱን ነው።

የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ከዚህ አያመልጡም። የቲቢ መድኃኒት የሆነውን አይሶኒያዚድን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ጉበት ያላቸው ከኢትዮጵያውያን ከግማሽ በላይ ናቸው፤ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ስለሚቆይ ጉበታቸው ለጉዳት ይበልጥ ይጋለጣል። ቲቢ ሳይታመም ለመከላከያ ብሎ ለወራት የሚወስድ ሰው ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪረንዝም እንዲሁ ነበር። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2015 መላ አገሪቱን ወደ ኤፋቪረንዝ ስታዞር፣ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ጂን ያላቸው ብዙ ሰዎች ቅዠትና የሌለ ነገር ማየት አስቸገራቸው። አንዳንዶቹ ክኒኑን ጣሉ። ጂኑ እዚያ ብዙ መሆኑን የአገሪቱ ተመራማሪዎች ቀድመው ያውቁ ነበር። ዛሬ በኤፋቪረንዝ ቦታ ዶልቴግራቪር የሚባል መድኃኒት ስለገባ ያ ጭንቀት ቀንሷል። ነገር ግን የሕዝቡን ጂን የሚያውቀው ተመራማሪና መድኃኒት የሚገዛው ቢሮ ካልተነጋገሩ፣ ነገ በሌላ ክኒን ተመሳሳይ ነገር ይመጣል።

እኛ ተመራማሪ አላጣንም። አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ የጅማ፣ የጎንደርና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ወባ በሚታይበት አካባቢ ላይ ተቀምጠዋል። የሚጽፉት ጥናት በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ወጥቶ ይቀራል፤ መድኃኒት የማድለው እኔ በአጋጣሚ ነው የማገኘው። ጥናት የተደረገበት ወረዳ ውጤቱን በሁለት ገጽ፣ በሥራ ቋንቋው ሊያገኝ ይገባል። ደሙን የሰጠው ያ ወረዳ ነው። ደም ሲወሰድም ለምን እንደሆነ ይነገር፣ ፈቃድ ይጠየቅ፣ መረጃውም አገር ውስጥ በጥንቃቄ ይያዝ። የጂን መረጃ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የእናቱም የልጆቹም ነው።

ሁሉም ወረዳ በአንድ ዓመት ይዳረስ አልልም። ቫይቫክስ በበዛባቸውና እጥረቱ ከፍ ብሎ በታየባቸው የምዕራብ ቆላዎች ይጀመር፤ ጋምቤላ መጀመሪያ ይሁን። ቀጥሎ የቀን ሠራተኛ የሚጎርፍባቸው የሰሊጥና የሸንኮራ አካባቢዎች ይግቡ። ያ ሠራተኛ አንድ ቦታ አይቀመጥምና ውጤቱ በሚታጠፍ ካርድ ላይ ተጽፎ ይሰጠው። ጂን አይቀየርም፤ አንዴ የተመረመረ ሰው ካርዱን ይዞ የትም ቢሄድ ያገለግለዋል። ደሙ በቅርቡ ፈርሶ የነበረ ሰው ላይ ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ የደም ሴሎች ኢንዛይም ስለሚበዛባቸው ንባቡ ደህና ሊያስመስለው ይችላል፤ እሱ ከወራት በኋላ ይደገምለት።

መሣሪያው እስኪደርስ ድረስም እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ፕሪማኪን የጀመረን ሰው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን ቤቱ ሄደው ይዩት። ሽንቱን ብቻ ይጠይቁት። የሽንት ቀለም ደረጃ በሥዕል የታተመበት አንድ ወረቀት ከክኒኑ ጋር ይሰጥ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቀለም ያያል። የዚህ ወጪ የማተሚያ ቤት ወጪ ነው። ሽንቱ ጠቁሮ የመጣ ሰው ሲኖር ደግሞ ለባለሥልጣኑ የምንልከው የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት መልስ ይምጣለት። ባለሙያው የላከው ወረቀት የት እንደገባ ካላወቀ በሚቀጥለው ጊዜ አይልክም።

ዋናው የወባ ወቅት የሚገባው ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያው መጀመሪያ የሚደርሳቸው ወረዳዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ቢደረግልን፣ ያለን እናሠለጥናለን፣ ፍሪጅ የሌለን እንጠይቃለን፣ ስማችን ያልገባ ደግሞ መቼ እንደምንገባ በስም እንጠይቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቆላ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ፋርማሲስት